ወንድሜ ከሠራዊት ከተመለሰ ወዲህ እንቅልፍ የለውም፤ ማርቆስ ላይ የት ልውሰደው?

የደምበጫዋ፦

እንደምን ሰነበታችሁ። ነገሩ ረዘም ስለሚል ታገሱኝ።

ታናሽ ወንድሜ ሠራዊት የገባው በ2013 ነው። በሰሜኑ ጦርነት እግሩን ተመትቶ ሆስፒታል ከረመ። ከዚያ በቦርድ ተሰናበተ። አሁን ከደምበጫ ወጣ ብሎ ገጠር፣ እናት አባቴ ጋ ነው ያለው። እግሩ ድኗል፤ ትንሽ ያነክሳል እንጂ ደህና ነው። የሚያሳስበኝ ሌላው ነገር ነው።

ሌሊት አይተኛም። ዱላ ይዞ ቤቱን ይዞራል። ውሻ በጮኸ ቁጥር ተነስቶ ይወጣል። ቀን ደግሞ በሩን የሚያይበት ጥግ ካላገኘ አይቀመጥም። ወፍጮ ቤት ሂድ ሲሉት እምቢ አለ። ለምን ሲባል "የሞተሩ ድምፅ" ብሎ ዝም። አንድ ሌሊት ሲቃዥ እናቴ ልትቀሰቅሰው ትከሻውን ብትነካው አንገቷን ያዛት። ወዲያው ነቃ። ከዚያ እግሯ ሥር ሆኖ ሲያለቅስ አደረ።

የባሰው ግን የቡሄ ለት ነው። እኛ አገር ቡሄ ያለ ጅራፍ የለም። ልጆቹ ከቤታችን በላይ ያለው መስክ ላይ ያጮሁታል፣ እሱ ከአባቴ ጋር ከቤተ ክርስቲያን ይመለሳል። እንደ ጮኸ ከነነጭ ጋቢው ጭቃው ላይ በደረቱ ተኛ። ልጆቹ የሚጫወት መስሏቸው ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ከግቢ አልወጣም። አረቄው ደግሞ በጠዋት ተጀምሯል።

እናቴ ግሽ ዓባይ ጠበል እንውሰደው ትላለች። አባቴ "ሚስት ይዳርለትና ይረጋጋል" ይላል። ጎረቤት መተት ነው ይላል። የጎጃም ጎረቤት ሌላ ምን ይላል! እኔ ሐኪም ይየው ባይ ነኝ፤ እሱ ግን "እብድ ነኝ እንዴ?" ብሎ ተቆጣኝ። ከተማ የምኖረው እኔ ብቻ ስለሆንኩ ሁሉም የሚያየው እኔን ነው። የት ልውሰደው? እንዴትስ እሺ ላሰኘው? ፖለቲካውን እባካችሁ ሌላ ቦታ።

ጨሞጋ ማዶ፦

እግዜር ይማርልሽ እህቴ። ዳሩለት የሚለውን ግን ከአሁኑ አስቁሚ። እኛ ሰፈር አንዱን "ይረጋጋል" ብለው ዳሩት። ልጅቷ ዓመት ሳይሞላት እናቷ ቤት ተመለሰች። ደግሞ ሠርግ ማለት እኛ ዘንድ ተኩስ ማለት ነው፤ ሙሽራው አልጋ ሥር ሲገባ ልታዩ ነው?

ነርስ ነኝ፦

የደምበጫዋ፣ የምሠራው አእምሮ ሕክምና ላይ ነው። ሳላየው በሽታው ይሄ ነው አልልሽም። የጻፍሽው ግን በየሳምንቱ የምንሰማው ነገር ነው።

ከጦርነት የተመለሰ ሰው መጀመሪያ ሰሞን መደንገጡ፣ መቃዠቱ ያለ ነው። ብዙው ሰው ቀስ በቀስ ይረጋጋል። ከወር ካለፈና ኑሮውን ካወከው ግን ሕክምና የሚፈልግ ነገር ነው። ድኅረ አደጋ ጭንቀት ይባላል፤ ብዙዎቻችን ፒቲኤስዲ እያልን ነው የምንጠራው። ያየው ነገር በሕልምም በቁምም ይመለስበታል። የሚያስታውሰውን ሁሉ ይሸሻል፣ ወፍጮ ቤቱም ይሄው ነው። ሰውነቱ ሌት ተቀን ነቅቶ ይጠብቃል። ከሰው ይርቃል፣ ደስታ ያጣል፣ ራሱን ይወቅሳል። ይሄ ንቃት ግንባር ላይ በሕይወት ያቆየው ነው። ቤት ከገባም በኋላ አልበርድ ብሎት ነው እንጂ ዕብደት አይደለም። ለእሱም እንዲሁ ንገሪው።

እሺ የማሰኛው መንገድ እንቅልፉ ነው። "አእምሮህን ይዩህ" ካልሽው አይሄድም። "እንቅልፍ ከአጣህ ስንት ጊዜህ፣ ለእሱ መድኃኒት አለው" በይው። ውሸት አይደለም። ሌላ ጉዳይ አለ ብለሽ አታልለሽ ግን እንዳታመጪው፤ ዳግም አያምንሽም።

ማርቆስ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትም አለ። ለእናንተ ግን ፍኖተ ሰላምም ቅርብ ስለሆነ መጀመሪያ እዚያ ጠይቁ። ክትትሉ ረጅም ነው፤ ቅርብ ቦታ የጀመረ ነው የሚዘልቀው።

ሌሊት ሲቃዥ አትንኩት። ከበሩ ላይ ሆናችሁ በስሙ ጥሩት። "ደምበጫ ነህ፣ እናትህ ቤት ነህ" በሉት። መብራት አብሩለት።

ደጀን ላይ፦

ይሄ የፈረንጅ በሽታ ነው። አያቶቻችን ዓድዋ ዘመቱ፣ ማይጨው ዘመቱ፣ አምስት ዓመት በዱር በገደል ተዋጉ። ማን ሆስፒታል ገባ? ወንድ ልጅ ሥራ ሲይዝ ሁሉም ይለቀዋል። አሁን ሁሉም ነገር ስም ወጣለት።

የሻምበሉ ልጅ፦

ደጀን ላይ፣ አባቴ የደርግ ሠራዊት ነበሩ። በ1983 ሠራዊቱ ሲበተን በከሰላ በኩል ሱዳን ወጥተው ነው በስንት መከራ አገራቸው የገቡት። ውጭ ቢጠይቁህ ጀግና፣ ጨዋታ አዋቂ፣ እድሩን የሚመሩ ሰው ናቸው። ቤት ውስጥ ሰሃን ከወደቀ አምስታችንም ልጆች እንደ ቆምን እንቀር ነበር። ማታ ራት ላይ ማንም ከኋላቸው አያልፍም። እናቴ በሩን ስትከፍት "እኔ ነኝ" ሳትል አትገባም፤ በገዛ ቤቷ!

ማን ሆስፒታል ገባ ላልከው፣ ሆስፒታሉ የት ነበርና ይገባሉ? የአያቶችህንስ ሚስቶች ጠይቀህ ታውቃለህ? ፉከራውን የሰማነው አደባባይ ላይ ነው። ሌሊቱን የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ነርስ ነኝ፦

እኔም ልጨምር። ፈረንጆቹም ለረጅም ጊዜ "ፈሪ ነው" ነበር የሚሉት። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በዚህ ሕመም ከግንባር የሸሹ ወታደሮች በራሳቸው ጦር የተረሸኑበት ጊዜ አለ። ሕመሙ በዚህ ስሙ በአሜሪካኖቹ የምርመራ መጽሐፍ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው፣ ከቬትናም ጦርነት በኋላ። የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ግምት ጦርነት ባለፈበት አካባቢ ከሚኖረው ከ5 ሰው አንዱ የሆነ የአእምሮ ችግር አለበት። ይሄ ወታደሩን ብቻ አይደለም። ልጁ አንገቷን የያዛት እናትም አለችበት።

ባድመ 91፦

እህቴ፣ እኔ በየካቲት 1991 ባድመ ላይ ነበርሁ። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ከተሰናበቱት አንዱ ነኝ። ሐኪም አይደለሁም፣ ያለፍሁበትን ልንገርሽ።

አገር ቤት ስትገባ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ነው የሚጠይቅህ። "ስንት ገደልህ?" ጠላ ቤት ይጠይቁሃል፣ ማኅበር ላይ ይጠይቁሃል፣ የሰባት ዓመት ልጅ ይጠይቅሃል። ብትነግራቸው አይገባቸውም፤ ዝም ብትል "ምንም አላየ" ይሉሃል። ስለዚህ ሰው አለበት የማትደርስ ትሆናለህ። ወንድምሽን ይሄን ጥያቄ ማንም እንዳይጠይቀው አድርጊ። አባትሽንም አደራ በያቸው።

የእኔ በሽታ ተኩሱ አልነበረም። አብሮኝ የነበረ የቢቸና ልጅ ነበር። ውኃ ልቅዳ ብሎ በእኔ ተራ ወጣ፣ አልተመለሰም። ለምን እሱ? ለምን እኔ ተረፍሁ? ይሄን ለእናቱ መንገር ነበረብኝ፣ ለዓመታት አልነገርሁም። ቢቸና በመኪና ባለፍሁ ቁጥር መስኮቱን እጋርድ ነበር። ሐኪሞቹ ፍርሃቱን ያውቁታል። ይሄን ጸጸት ግን ቶሎ አይደርሱበትም፣ አንተም አታወጣውም። ወንድምሽም ሌሊት የሚዞረው ጠላት ፈርቶ ብቻ ላይሆን ይችላል።

የጠቀመኝን ልበል። አንደኛ፣ እንደኔ የተመለሰ ሰው ማግኘቴ። ብዙ አናወራም። ቡና እንጠጣለን፤ እሱ በሩን የሚያይበት ቦታ ይቀመጣል፣ እኔ መስኮቱን። እንዲሁ ይገባናል። ሌላው ንብ ነው። አጎቴ ሁለት ቀፎ ሰጠኝ። ንብ ስትይዝ እጅህ ከተጣደፈ ትነድፍሃለች። ጭሱን ቀስ አድርገህ ታስገባለህ፣ ክዳኑን ቀስ አድርገህ ታነሳለህ፣ ትንፋሽህም አብሮ ይረጋል። ያን ሰዓት ሌላ ሐሳብ የለም። ማታ ይመለስ ነበር፣ ያን ሰዓት ግን አልነበረም።

መድኃኒት የጀመርሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ቀድሞ የነገረኝ ቢኖር ቀድሜ እጀምር ነበር።

ደጀን ላይ፦

አያ ባድመ፣ እርስዎን አይደለም ያልኩት። ሥራ መያዙ ይጠቅማል ነው ያልኩት፣ እርስዎም ንብ ብለዋል።

ባድመ 91፦

ንብ ይዤም መድኃኒት እውጣለሁ የኔ ልጅ።

ዲያቆን ዘሰከላ፦

ስለ ጠበሉ ልናገር፣ አካባቢዬ ስለሆነ። ሰከላ ግሽ ዓባይ የአባታችን የአቡነ ዘርዓ ብሩክ ጠበል በየዓመቱ ስንቱን ይቀበላል። እናትሽን አትከልክያት። ልጁም ካመነ ይሂድ። ብዙ ሰው እዚያ ሰላም ያገኛል፤ በጠዋት መነሳቱ፣ ጾሙ፣ ከአረቄ መራቁ፣ ከሰው ጋር መዋሉ ራሱ ቀላል አይደለም።

ግን ሁለት ነገር። መድኃኒቱን ጥሎ እንዳይሄድ። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብሮ መውሰድ ይቻላል ብለው ተናግረዋል። ያ ለዚህም ይሠራል። "መድኃኒት ካቆምክ ነው ጠበሉ የሚሠራው" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ የቤተ ክርስቲያኗ ትምህርት አይደለም፣ የእሱ ነው። ሁለተኛ፣ ማሰር የሚባል ነገር ካያችሁ ይዛችሁት ውጡ። ተኝቶ የሚደነግጥ ሰው እጁን ቢያስሩት ምን እንደሚሆን አስቡት።

የንስሐ አባቱንም አማክሩ። አያ ባድመ ያሉት የጸጸት ነገር የእኛም ሥራ ነው። ገድሎ ለመጣ ሰው ንስሐና ቀኖና አለው፤ ፈጣሪ ይቅር አይለኝም ብሎ የተቀመጠ ይሆናል።

የቡሬ ሚስት፦

እስከ አሁን ማንም ያላነሳውን ላንሳ። ቤት ውስጥ ጠመንጃ አለ?

ባለቤቴ ከሠራዊት ሲመለስ የአባቱ ክላሽ ከምኝታችን በላይ ነበር የተሰቀለው። እንደምታውቁት እኛ አገር ጠመንጃ ከቤት ማውጣት ማለት ሰውየውን ከወንድነት ማውረድ ነው። ስለዚህ ማንም ትንፍሽ አይልም። እኔ ግን ሌሊት ተነስቶ መሣሪያውን ጭኑ ላይ አድርጎ በጨለማ ሲቀመጥ አይ ነበር። ይጠርገዋል። ይፈታዋል፣ ይገጥመዋል። "ምን እያሰብህ ነው?" ብለው "ምንም"። አንድ ቀን ግን በግልጽ ጠየቅሁት። "ራስህን ልታጠፋ እያሰብህ ነው ወይ?" አልሁት። ስናገር አንደበቴ ተንቀጥቅጧል። እሱ ግን ሸክም እንደ ወረደለት ሰው ተነፈሰ። "አንዳንዴ" አለኝ።

በማግስቱ ለታላቅ ወንድሙ ነገርሁት። ሰው ልኮ አልወሰደበትም፣ ራሱ መጣ። ቡና ጠጡ። "አዝመራ ደርሷል፣ ማሳ ጥበቃ ላድር ነው፣ መሣሪያህን አውሰኝ" አለው። ባሌ ደነዝ አይደለም፤ ገብቶታል። ተነስቶ ራሱ አወረደና ጥይቱን ለይቶ ሰጠው። እስከ ዛሬ እዚያው ነው። ማንም አላዋረደው፣ ማንም አልተነጠቀ። የእርሻ መድኃኒቱንም አማቴ ቤት አስቆለፍነው።

የደምበጫዋ፣ ጠይቂው። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም። ካለ ደግሞ ቀጠሮ የሚጠበቅበት ነገር አይደለም፤ ብቻውን ሳትተዉት ያኑ ዕለት ሆስፒታል ውሰዱት።

አወያይ፦

ከዚህ በታች የነበሩ የትኛው ጦር የት እንዳለ የሚያወሩ አስተያየቶች ተነስተዋል። ስለ ሕክምናው ብቻ።

የደምበጫዋ፦

የቡሬ ሚስት፣ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው ያነበብኩት። አለ። ግድግዳው ላይ። አጎቴን ዛሬውኑ አናግራለሁ።

ሲስተር፣ አንድ ሁለት ነገር ልጠይቅሽ። አረቄውን አባቴ ነገ ጀምሮ አላስገባም ብሏል፤ ልክ ነው? መድኃኒቱስ እስከ መቼ ነው፣ ሱስ አይሆንም? ደግሞ መንደራችን ያለ መድኃኒት ቤት "ለእንቅልፍ" ብሎ ዳያዚፓም ሊሸጥልኝ ነበር።

ነርስ ነኝ፦

በጣም ጥሩ ጠየቅሽ። አረቄውን በአንድ ቀን እንዳትቆርጡበት። በየቀኑ ከጠዋት ጀምሮ የሚጠጣ ሰው ድንገት ሲያቆም ሰውነቱ ይናወጣል። መጀመሪያ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ያስመልሰዋል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ውስጥ የሚጥል በሽታ ሊይዘው፣ የሌለ ነገር ማየት ሊጀምር ይችላል። ሰው የሚሞትበት ነገር ነው። ቤተሰብ ያን ሲያይ "መንፈሱ ሊወጣ ነው" ብሎ ይተወዋል። ለሐኪሙ በቀን ምን ያህል እንደሚጠጣ ሳትደብቁ ንገሩ፤ በመድኃኒት ታግዞ ያቆማል። አባትሽ ቆጣ ሳይሉ እስከዚያ ይታገሱ።

ዳያዚፓሙን ተይው። ለዚህ ሕመም አይመከርም፣ ሱስ ያስይዛል። ከአረቄ ጋር ሲደባለቅ ትንፋሽ ያዳክማል። ለዚህ በአብዛኛው የሚታዘዙት እነ ሰርትራሊን፣ ፍሉኦክሰቲን ናቸው። ሱስ አይሆኑም። ችግራቸው መዘግየታቸው ነው። ሁለት ሦስት ሳምንት ምንም ለውጥ ላታዩ ትችላላችሁ፤ መጀመሪያ ሰሞን ሊያቅለሸልሸው፣ ሊያቁነጠንጠው ይችላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚያቆመው። ከባሰበት ወይ ስለ ሞት ካወራ ወዲያው መልሳችሁ አምጡት። ሲሻለው ደግሞ "ድኛለሁ" ብሎ ያቆማል፣ እሱም ትክክል አይደለም። ብዙ ጊዜ ከተሻለው በኋላ እስከ ዓመት ይቀጥላል፤ ሲቆምም ቀስ በቀስ ነው።

ከመድኃኒቱ ጋር የንግግር ሕክምናም አለ። ያየውን ነገር ከሠለጠነ ሰው ጋር በቀስታ፣ በተራ እያወራ ከሸሸው ነገር ጋር እንዲለማመድ ማድረግ ነው። በሌላው ዓለም ከ8 እስከ 16 ጊዜ ያህል ይገናኛሉ። እኛ ጋ ይሄን የሠለጠነ ሰው ትንሽ ነው። አልዋሽሽም፣ አንዳንድ ቀን ከክፍላችን ውጭ የሚጠብቀውን ሰው አይቼ ለአንዱ 15 ደቂቃ መስጠት ያቅተኛል። ስለዚህ የአያ ባድመ ዓይነት የቡና ጓደኛ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ነገር ብቻ፦ ሕዝብ ፊት፣ ማኅበር ላይ "ያየኸውን ንገረን" አትበሉት። ሳይፈልግ በግድ ማስወራት ይጎዳል።

አዲስ አበቤው ጎጃሜ፦

አዲስ አበባ አምጡት፣ አማኑኤል ይታያል። ዘመድ አለኝ፣ ማረፊያ አይቸግራችሁም።

ነርስ ነኝ፦

ልብህ ይባረክ። ከባድ ከሆነና ሪፈር ከተባለ አማኑኤል ይሄዳል። ከዚህ እስከዚያ ግን 300 ኪሎ ሜትር ነው፣ የዓባይ በረሃንም አቋርጦ። በየፍተሻው ወርዶ መቆም ለእንዲህ ያለ ሰው ምን እንደሆነ አስቡት። መጀመሪያ ቅርቡን። ደግሞ መንገድ በተዘጋ ቁጥር መድኃኒት ይቋረጣል፤ የቀጠሮው ቀን መድኃኒቱን ሲወስድ ትርፍ የወር ካለ ይጠይቅ።

ጨሞጋ ማዶ፦

ሥራውስ? ቁጭ ብሎ ከዋለ እኮ መድኃኒቱም አይሠራ። መሬት የለውም እንዴ?

የደምበጫዋ፦

ድርሻው አለ። ሲዘምት ለታላቅ ወንድማችን በእኩል ሰጠነው፣ እስካሁንም እሱው ነው የሚያርሰው። "አንተ አታርስ፣ እግርህ" እያለ ሥራ አይሰጠውም። እንደ እንግዳ ነው የያዝነው። ምሳ እንኳ ከሁሉ ቀድሞ ለብቻው ነው የሚቀርብለት።

የሻምበሉ ልጅ፦

እሱን አስተካክሉ። እኛ ቤት አባቴን የመለሳቸው በሬ ነው ብል አላጋነንኩም። መጀመሪያ ቀን አንድ ትልም ሳይጨርሱ ተቀመጡ። ግን የእሳቸው ትልም ነበር።

ባድመ 91፦

እኔ እኮ ደምበጫን አዘውትሬ ነው የማልፍባት፣ ማር ይዤ። ወንድምሽ እሺ ካለ ብቻ እንገናኝ። አንቺ "የምታወራው ሰው አመጣሁልህ" እንዳትዪው። "ቀፎ የሚሸጥ ሰው አለ" በይው፣ እውነቴን ነው፣ ትርፍ ቀፎ አለኝ። ቦታውን እሱ ይምረጥ። ወፍጮ ቤት አጠገብ ብቻ አይሁን።

የደምበጫዋ፦

አያ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ስልኬን በውስጥ ልኬልዎታለሁ። ሲስተር፣ አጎቴ መሣሪያውን ለመውሰድ እሺ ብሏል፤ ወንድሜም "ለእንቅልፌ ከሆነ" ብሏል። ሰኞ እንነሳለን። ምን እንያዝ?

ነርስ ነኝ፦

የጤና መድን ደብተራችሁን፣ ከጤና ጣቢያ የተጻፈ ሪፈር፤ ያለ ሪፈር ከሄዳችሁ ከኪሳችሁ ነው የሚወጣው። የቦርድ ወረቀቱን ቅጂ፣ ጭንቅላቱን ተመትቶ ከሆነም የዚያን ወረቀት። አሁን የሚወስደው ክኒን ካለ ከነማሸጊያው። በጠዋት ድረሱ፣ ከሰዓት ካርድ ይጨናነቃል። ወረፋ ስትጠብቁ ግድግዳውን ተደግፎ በሩን የሚያይበት ወንበር ፈልጊለት። እኔ ተረኛ ካልሆንኩ ለተረኛዋ ማስታወሻ እተዋለሁ።